ከጭነት መኪናው ኋላ የተጻፈው ቁጥር

ጡረታ ከወጣሁ በኋላም ሰው ቁጥር ይዞ ቤቴ ይመጣል። ፍኖተ ሰላም ትንሽ ከተማ ናት፤ ማን የት ይሠራ እንደነበር አይረሳም። አንዱ «ይህ ቁጥር ሎተሪ ደርሶሃል ብሎ ደወለልኝ፤ የማን ነው?» ይለኛል። ሌላዋ በባሏ ስልክ ላይ ደጋግማ ያየችውን ቁጥር በብጣሽ ወረቀት ጽፋ፣ ጎረቤት እንዳያይባት በመዳፏ ሸፍና ታሳየኛለች። እኔ ዛሬ ምንም ማየት አልችልም። የኮምፒውተር መግቢያዬ የተዘጋው የስንብት ዳቦው በተቆረሰ ዕለት ነው። ቢከፈትልኝም አልነግራቸውም ነበር፤ የደንበኛ ምስጢር ነው። ግን ከደጅ አልመልሳቸውም። ቁጭ አድርጌ አዳምጣቸዋለሁ።

በሥራ ዘመኔ የብዙ ቁጥር ባለቤት ፈልጌአለሁ፤ አብዛኛው ተረስቶኛል። ከአንድ የጭነት መኪና ኋላ የተጻፈ የነጻ ጥሪ ቁጥር ግን አልተረሳኝም። እሱን ለመንገር ከቡሬ መነሳት አለብኝ፤ ሥራውን የተማርኩት እዚያ ነውና።

ስሜ እናትነሽ ይባላል፤ የደምበጫ ልጅ ነኝ። መንግሥት በተለወጠ ሰሞን አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ቤት ተቀምጬ ሳለሁ የስልክ መሥሪያ ቤቱ ለቡሬ ስልከኛ ይፈልጋል ተባለ። ተፈተንኩ፤ አለፍኩ። ደመወዙ ለቤት ኪራይና ለሽሮ ይበቃ ነበር፤ ከዚያ በላይ የሚባል ነገር የለውም።

ያኔ የቡሬ ማዞሪያ በእጅ የሚሠራ ነበር። ሰሌዳው ላይ የደንበኞቹ ቀዳዳዎች ተደርድረዋል። አንዱ ደንበኛ ሲደውል ቀዳዳው ላይ ያለችው ትንሽ ክዳን ጠብ ትላለች። ገመድ ሰክቼ «አቤት፣ ማንን ላገናኝ?» እላለሁ። በጥቂት ወር ውስጥ የከተማውን ሰው ሁሉ በድምፁ ለየሁት። መንገድ ላይ ፊቱን የማላውቀው ሰው ሰላም ሲለኝ ድምፁን ሰምቼ «ደህና ነዎት ወይ፣ የወፍጮ ቤቱ ጌታ?» እል ነበር።

ኃላፊያችን ጋሽ ፈንቴ ይባሉ ነበር። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲሄዱ ወደ ፊት ዘንበል የሚሉ ሰው ነበሩ፤ ስንት ዘመን ምሰሶ ሲወጡ የኖሩ ስለሆነ ይመስለኛል። ቁጣ አያውቁም። ሰው ሲሳሳት መነጽራቸውን አውልቀው በጋቢያቸው ጫፍ ይወለውላሉ፤ እኛም የተሳሳትነውን እስክናገኝ ወልውለው አይጨርሱም።

ልማዶች ነበሯቸው። አንደኛ፣ ቁጥር ከወረቀት አይቀበሉም። ሰው ጽፎ ቢያመጣላቸው እንኳ «በአፍዎ ይንገሩኝ» ይላሉ፤ ከዚያ ሁለት ሁለቱን አሃዝ እየያዙ መልሰው ያነቡለታል። «ወረቀት ስትሳሳቺ ዝም ይልሻል፤ ሰው ግን ‹ኧረ እንደሱ አይደለም› ይልሻል» ይሉኝ ነበር። ሁለተኛ፣ ስልክ ቀድመው አይዘጉም። ንግግሩ ካለቀ በኋላም እጀታውን ከጆሯቸው ሳይነጥሉ ይቆያሉ። ለምን ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ሰው ዋናውን ነገር የሚያስታውሰው ሊዘጋ ሲል ነው» አሉኝ።

ከሁሉም ያስተማረኝ ግን የአንድ ነጋዴ ጉዳይ ነው። ለአንድ የቤተ ክርስቲያን አስተዳዳሪ እየደወለ የሚሳደብ ሰው ተነሳ። እኔ ክዳኗ ስትወድቅ አይቻለሁ፤ የነጋዴው ቁጥር ናት። ነጋዴው ተጠርቶ መጣ፤ በማርያም እየማለ «እኔ አይደለሁም» አለ። ማንም አላመነውም። ጋሽ ፈንቴ ወጡና ከማዞሪያው ጀምረው ሽቦውን ምሰሶ ለምሰሶ እያዩ በእግራቸው ተከተሉት። ነጋዴው ቤት ሲደርሱ ሽቦው እዚያ አላበቃም። ግድግዳውን በስቶ ከኋላ ወደተከራየው ልብስ ሰፊ ክፍል ይገባል። ተሳዳቢው ልብስ ሰፊው ነበር፤ ከአስተዳዳሪው ጋር በመሬት ይካሰሳል።

ሲመለሱ ጫማቸውን እያራገፉ እንዲህ አሉኝ፤ «ሁልጊዜ ሁለት ጥያቄ አለ። ቁጥሩ የማን ነው? ደግሞስ ዛሬ ማን እጅ ላይ ነው? የመጀመሪያውን መልሶ የሚያርፍ ስልከኛ ሰው ያሳስራል።»

ከቡሬ በኋላ ሽንዲ ተመደብኩ። እዚያ ከተማው ሁሉ የሚጠቀምበት አንድ ስልክ ብቻ ነበር። ከሩቅ ሲደወል «እገሌን ጥሩልኝ» ይባላል፤ መልእክተኛ ተልኮ ሰውየው ከእርሻው እስኪመጣ ደዋዩ ዘግቶ ይጠብቃል። ልጁ ከወታደር ቤት የደወለለት አባት ሮጦ ደርሶ፣ ትንፋሹ ተቆራርጦ መናገር አቅቶት፣ ልጁ «አባ፣ አባ» ሲል ሰምቼ አውቃለሁ። የሽንዲው አለቃዬ በጠዋት መዝሙር ከፍቶ የሚሠራ ደግ ሰው ነበር፤ ከእሱ የተማርኩት ከሰው ጋር መሳቅ ነው።

ቀጥሎ አውቶማቲክ ማዞሪያ መጣ፤ ስልከኛ የሚባል ነገር ቀረ። እኛም ሥልጠና ተሰጥቶን በየቦታው ተበተንን። እኔ ፍኖተ ሰላም የደንበኞች አገልግሎት ላይ ተቀመጥኩ፤ ብልሽት መቀበል፣ የመስመር ባለቤት ማጣራት፣ ለፍርድ ቤትና ለፖሊስ ጥያቄ መልስ ማዘጋጀት ሥራዬ ሆነ። ሞባይል ገጠር ከገባ በኋላ ደግሞ ጥያቄው በዛ። አዲሱ አለቃዬ ማኅተም የሚወድ ሰው ነበር። ነገር ሲከብደው «በደብዳቤ ይምጣ» ይላል፤ ሲቀለውም «በደብዳቤ ይምጣ» ይላል።

የነጻ ጥሪ ቁጥር የሚባለው የተለመደው በዚያ ዘመን ነው። ለማያውቅ ላስረዳ። እንዲህ ያለው ቁጥር የራሱ ሽቦ የለውም። የደወለ ሰው አይከፍልም፤ የሚከፍለው ባለቤቱ ነው። ጥሪው አዲስ አበባ ይደርስና እዚያ ያለው መሣሪያ ወደ አንድ ተራ ስልክ ያዞረዋል። ከቁጥሩ ኋላ የትኛው ስልክ እንደሚጮህ፣ ውሉን የፈረመውም ማን እንደሆነ የሚያውቁት ዋናው መሥሪያ ቤት ያሉት ናቸው። እኛ የወረዳዎቹ ሰዎች ጠይቀን እንጠብቃለን።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። አቶ ዋሴ የሚባሉ ገበሬ ከቡሬ ገበያ አህያቸውን እየነዱ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ፣ ወደ ማታ ገደማ አንድ የጭነት መኪና ገጭቷቸው አመለጠ። ቤታቸው በቡሬና በፍኖተ ሰላም መካከል፣ ከአስፋልቱ በታች ነው። ሳይቆይ በዚያው መንገድ ከቡሬ በኩል የመጣ ሌላ የጭነት መኪና ሹፌር ወድቀው አግኝቷቸው ጋቢና ላይ አስተኝቶ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል አደረሳቸው። ሐኪሞቹ ያላቸውን አድርገውላቸው ነበር፤ አልተረፉም። ያነሳቸው ሹፌር ለፖሊስ ቃሉን ሰጠ፤ ተመሰገነ፤ ጭነቱን ይዞ ወደ አዲስ አበባ ሄደ።

በሳምንቱ ኢንስፔክተር ጌትነት ቢሮዬ መጣ። ጉዳዩን የያዘው እሱ ነበር፤ ወጣት፣ ቶሎ ቶሎ የሚራመድ ሰው ነው። ያመለጠውን መኪና ያየ ምስክር ተገኝቷል። መኪናው ወደ ቡሬ ሲበር ምስክሩን አልፎ ትንሽ ቆሟል፤ ሹፌሩ ወርዶ የመኪናውን ፊት በጨርቅ ጠራርጎ ተመልሶ ገብቷል። የሰሌዳ ቁጥሩ ጭቃ ለብሶ ነበር። ከኋላ መዝጊያው ላይ ከፍ ብሎ የተጻፈው ግን ይነበባል፤ «አነዳዴ እንዴት ነው? በነጻ ይደውሉ» የሚለው ዓይነት፣ ከነቁጥሩ።

«ብንደውልስ?» አልኩት።

«ደውለን ካስነቃናቸው መኪናውን ይሰውሩታል። ደግሞ ፍርድ ቤት የሚቀበለው የእናንተን ደብዳቤ ነው» አለኝ።

ቁጥሩን ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ላክነው። «እንዲህ ያለ ቁጥር ለማንም አልተሰጠም» የሚል መልስ መጣ። ኢንስፔክተሩ ተስፋ ቆረጠ። እኔ ግን ቁጥሩ የመጣልኝ በወረቀት እንደነበር ትዝ አለኝ።

«ምስክሩን አምጣልኝ፤ በአፉ ይንገረኝ» አልኩት።

ምስክሩ የአንድ ገጠር ደብር መምህር ናቸው፤ ሰው ሁሉ የኔታ ይላቸዋል። ነጭ ጥምጥማቸውን አሳምረው መጥተው ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ያን ዕለት እስክሪብቶ እንዳልያዙ፣ ስልክም እንደሌላቸው ነገሩኝ።

«ታዲያ ቁጥሩን እንዴት ያዙት የኔታ?» አልኳቸው።

«የመጀመሪያው የታወቀ ነው፤ በየመኪናው ላይ አየዋለሁ። የመጨረሻዎቹ አራቱ ግን ምን ሆነው ቆመው አገኘኋቸው መሰለሽ? የዘንድሮው አበቅቴና የዘንድሮው መጥቅዕ ተከታትለው! ይህን እንዴት እረሳለሁ? ስንት ደቀ መዝሙር አስቆጥሬበታለሁ።»

ባሕረ ሐሳብ የተማረ ያውቀዋል፤ በዓላትና አጽዋማት የሚወጡባቸው ቁጥሮች ናቸው። ፖሊስ ጣቢያ የተጻፈውን አነበብኩላቸው። አንገታቸውን ነቀነቁ።

«አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ ሠላሳ ነው የሚሞሉት። ይህ አልፎ ሄደ። አንዷ አሃዝ ተስታለች።»

በአፋቸው ሲነግሩኝ ሁለት ሁለቱን አሃዝ እየያዝኩ መለስኩላቸው። «ይኸው፣ አሁን ሠላሳ ሞላ» አሉ። ኢንስፔክተሩ ሳቀና አስተካክሎ ጻፈ።

በዚህኛው ቁጥር መልሱ ሳይዘገይ መጣ። ባለቤቱ አዲስ አበባ ያለ አንድ የጭነት ማመላለሻ ድርጅት ነው። ፖሊስ ድርጅቱን ጠየቀ፤ ያን ዕለት በዚያ መንገድ ላይ የነበረ መኪናችሁ የትኛው ነው? ድርጅቱም አንድ መኪናና አንድ ሹፌር ነገረ። ሹፌሩ ደረጀ ይባላል። አቶ ዋሴን አንስቶ ሆስፒታል ያደረሰው ራሱ ነው።

ነገሩ ለሁሉም ግልጽ መሰለ። ገጭቶ ወደ ቡሬ ሸሸ፤ ከዚያ ኅሊናው እረፍት ነሳው፤ ዞሮ መጥቶ አነሳቸው። ደረጀ ተይዞ ፍኖተ ሰላም መጣ፤ መኪናውም ጣቢያው ግቢ ቆመ። ፍርድ ቤት የቀረበ ዕለት እኔም የተላከውን ደብዳቤ እንዳረጋግጥ ተጠርቼ ነበር። የሟች ሚስት ወይዘሮ ስንዱ ጥቁር ለብሰው ግቢው ውስጥ ቆመዋል። ደረጀ በፖሊስ ታጅቦ ሲያልፍ ማንም ሳይጠብቃቸው ፊቱ ቆሙ።

«ገድለህ ደግሞ አቅፈህ አመጣኸው! ልጅ አይውጣልህ! አባት ያሳደገህ አትመስልም!» አሉት።

ደረጀ ቀና ብሎ አያቸውና ሄደ።

እኔ መልሼ ወደ ሥራዬ ገባሁ። ደብዳቤው ትክክል ነበር። ቁጥሩ የዚያ ድርጅት ነው፤ አንድ ፊደል ስህተት የለበትም። አለቃዬም ጉዳዩ በአጭር ጊዜ እልባት በማግኘቱ ምስጋና እንደተጻፈልን ነገረኝ።

ከዚያ ለእረፍት ደምበጫ እናቴ ዘንድ ሄድኩ። ቀብር ነበር፤ እናቴን ተከትዬ ወጣሁ። ሟቹ የደረጀ አባት መሆናቸውን የሰማሁት እዚያው ነው። ልጃቸው ታሰረ ሲባል ታመሙ፤ አልተነሱም። ደረጀ ለቀብር እንዲለቀቅ አመልክቶ ነበር፤ ፈቃዱ ሲፈረም ሲዘዋወር ዘገየ። አልቃሾቹ «አንድ ልጅህ የት ሄደ» እያሉ ሲያለቅሱ ሰው ሁሉ መሬት መሬት ያያል። ሬሳው ጉድጓድ ሲገባ ልጁ ከዚያ የአንድ ሰዓት መንገድ እንኳ በማይርቅ ቦታ ተቀምጧል።

ፍኖተ ሰላም ስመለስ የኔታ ቢሮዬ በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ።

«ልጄ፣ አንድ ነገር እንቅልፍ ነስቶኛል። እኔ ያየሁት መኪና ከቁጥሩ በላይ ያለው ጽሕፈት በቀለም ተደምስሷል። ጣቢያው የቆመው ላይ ግን የድርጅቱ ስም ሞልቶ ተጽፏል።»

«ለፖሊስ ነግረዋል?»

«ነግሬአለሁ። ‹መሽቶ ነበር፣ አላዩትም› አሉኝ። ቁጥሩን ሳይ ያልመሸ፣ ስሙ ላይ ሲደርስ እንዴት መሸ?»

ጋሽ ፈንቴ ያኔ በሕይወት አልነበሩም። ያሉኝ ግን በጆሮዬ ነበር። የመጀመሪያውን ጥያቄ መልሰናል፤ ቁጥሩ የማን እንደሆነ ታውቋል። ሁለተኛውን ማንም አልጠየቀም። አለቃዬ ዘንድ ገባሁ።

«እኛ ስልክ ቤት ነን እንጂ ፖሊስ አይደለንም» አለኝ። «የተጠየቅነውን መልሰናል። እንደ መሥሪያ ቤት እንዳትደውይ።»

«እሺ» አልኩት። በምሳ ሰዓት ከግቢው ወጥቼ በራሴ ሞባይል ደወልኩ። የነጻ ጥሪ ቁጥር መቼም ለማንም ሰው የተከፈተ ነው።

«ጤና ይስጥልኝ። ስለ ሹፌራችን አነዳድ ነው?» አለች አንዲት ወጣት ሴት።

«አዎ የኔ ልጅ፣ ከፍኖተ ሰላም ነው።»

«የሰሌዳ ቁጥሩን ይዘዋል?»

«አልያዝኩም። ከኋላው ያለው ስም በቀለም የተደመሰሰ መኪና ነው።»

ድምፅዋ ተለወጠ፤ የሸመደደችውን የምትል መሰለች።

«እሱ የኛ ንብረት አይደለም።»

«ስለሱ ሌላም ሰው ይደውልላችኋል?»

«ኧረ ብዙ! ከመራዊ ይደወላል፤ ከቡሬ ይደወላል። በግ ገጭቶ ሄደ፣ ባጃጅ ገፍቶ ጣለ ይሉናል። የኛ አይደለም እንላቸዋለን።»

«የማን ነው ታዲያ?»

«እሱን አላውቅም እናቴ። ሌላ የሚጠይቁት ከሌለ፣ ስለደወሉ እናመሰግናለን።»

አልዘጋሁም፤ አልተናገርኩምም። ከወዲያ ወረቀት ሲገላበጥ ይሰማኛል።

«አሉ እንዴ?» አለች።

«አለሁ።»

«የሸጥነው ነው መሰለኝ» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «አሮጌዎቹ ተሸጠዋል። አንዱን የመራዊ የእህል ነጋዴ ነው የገዛው። ስማችን እንዲጠፋ ቀለም ተቀባ፤ ቁጥሩን ግን ማንም አላሰበውም። ከዚያ ወዲህ ስድቡን የምሰማው እኔ ነኝ።»

«የናንተ ሹፌር እዚህ ታስሯል። ፖሊስ ሲጠይቃችሁ ይህን አልነገራችሁም?»

«ደረጀ?» አለች። ለካ ታውቀዋለች። «ፖሊስ የጠየቀው ‹ያን ዕለት መኪናችሁ እዚያ መንገድ ላይ ነበር ወይ› ብሎ ነው። ነበር፤ ነበር አልን። የተሸጠ አላችሁ ወይ ያለን የለም።» ከዚያ ማልቀስ ጀመረች።

በቀጥታ ጣቢያ ሄድኩ። ኢንስፔክተር ጌትነት መጀመሪያ ቆጣ አለ።

«እርስዎ ደግሞ ጠበቃ ሆኑ እንዴ? ቁጥሩ የነሱ ነው ብላችሁ የጻፋችሁት እናንተ አይደላችሁ?»

«ቁጥሩ የነሱ ነው። መኪናው ግን ሁለት ነው። አንድ ቁጥር የተጻፈባቸው ሁለት መኪኖች በዚያ መንገድ ይሄዳሉ» አልኩት።

የሰማሁትን ሁሉ ነገርኩት፤ የኔታ ስለ ቀለሙ ያሉትንም ጨመርኩ። ክፉ ሰው አልነበረም። ግንባሩን በእጁ ያዘ።

«አባቱ ሞተዋል እኮ፤ ያውቃሉ?» አለኝ።

«ቀብር ላይ ነበርኩ።»

ተነስቶ ኮፍያውን አደረገና ወጣ። በማግሥቱ መራዊ ወረደ። መኪናው እህል ነጋዴው መጋዘን ግቢ ቆሞ ተገኘ። የፊት መብራቱ አዲስ ነው፤ የፊት መከላከያው ተቀጥቅጦ ተቃንቷል፤ ከኋላው ቁጥሩ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ነጋዴው ትንሽ ካንገራገረ በኋላ አመነ። የራሱን ሹፌር ግን ካሰናበተው ቆይቷል፤ ልጁ ወደ ቆላ ወርዶ የገባበት ጠፋ። እኔ ሥራ ላይ እስከነበርኩ ድረስ አልተያዘም።

ደረጀ ተፈታ። አለቃዬ ምንም አልተናገረኝም፤ ምስጋናም ወቀሳም የለም። የሥራ ባልደረቦቼ ግን ጎበዝ አሉኝ። እኔ እንደ ድል አልቆጠርኩትም። ነጻ ቁጥሩን እስከ ባለቤቱ ድረስ ተከትለን በትክክል ያገኘነው ሰው፣ በዚያ መንገድ ላይ ከነበሩት ሁሉ የቆመው ብቸኛ ሰው ነበር። አባቱ አንዴ ተቀብረዋል፤ ያን የሚመልስ ደብዳቤ የለም።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ወይዘሮ ስንዱ ከየኔታ ጋር ቢሮዬ መጡ። ከመቀመጫዬ ተነሳሁ።

«የደምበጫ ልጅ ነሽ አሉኝ» አሉኝ። «የልጁን ቤት ታሳይኛለሽ? የአባቱ አርባ ደርሷል ሲሉ ሰማሁ።»

«ባላሳይዎ እንኳ ሰው ያሳይዎታል» አልኳቸው፤ ልከተላቸው ፈርቼ። ፍርድ ቤት ግቢ የተናገሩትን ሰምቻለሁ።

«ሰው ያሳየኛል። አብሮኝ የሚቆም ግን እፈልጋለሁ።»

ሦስታችን በሚኒባስ ሄድን። ግቢው ድንኳን ተጥሎበት ሰው ሞልቷል። ወይዘሮ ስንዱ አጥሩ በር ላይ ቆሙና ጎንበስ ብለው ከመንገዱ ዳር ድንጋይ አነሱ፤ ትከሻቸው ላይ ተሸክመው አንገታቸውን ደፍተው ቆሙ። የኔታ ከጎናቸው ሆነው «ስለ እግዚአብሔር» አሉ፤ ድምፃቸው ድንኳኑ ድረስ ተሰማ። ሰው ሁሉ ዞረ።

ደረጀ ከውስጥ ወጣ። ራሱን ተላጭቷል። ሲያያቸው ትንሽ ዘግየት አለ፤ ከዚያ ሮጦ መጥቶ ድንጋዩን ከትከሻቸው ተቀበለ።

«እማማ፣ ምን ማድረግዎ ነው? ይህ ለእርስዎ አይገባም!»

«አባት ያሳደገህ አትመስልም አልኩህ» አሉ። «አባትህ ያን ጊዜ በሕይወት ነበር። የኔን ባል ስታነሳ ያንተን አባት አጣህ።»

«ሐዘን ነው የተናገረው። እኔ አልያዝኩትም። ይግቡ፣ እግዚአብሔር ይፍታ።»

ገባን። ከሴቶቹ ጋር አስቀመጡን፤ እህልም ቀረበ። ወይዘሮ ስንዱ ጎረስ አድርገው ተዉት። ሰው እየቀለለ ሲሄድ ደረጀ መጥቶ ፊታቸው በርጩማ ላይ ተቀመጠ። እሳቸው የነጠላቸውን ጫፍ በጣታቸው እያፍተለተሉ ቆዩና ጠየቁት።

«መኪናው ላይ ሳለ ተናግሮ ነበር?»

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ስንት ቀን ሲመረመር ሁሉም ነገር ተጠይቋል፤ በስንት ሰዓት ተነሳህ፣ የት ቆምክ፣ በስንት ፍጥነት ነዳህ። ሟቹ ምን አለ ብሎ የጠየቀው ሰው አልነበረም። ገዳይ ነው የተባለ ሰው ይህን አይጠየቅም።

«ተናግረዋል» አለ። «አህያዋን ጠየቁኝ፤ ደህና ናት፣ ዳር ላይ ቆማለች አልኳቸው። ከዚያ ትንሽ ሄደን ወደ ግራ የሚወርደው መታጠፊያ ጋ ስንደርስ እጄን ያዙኝ። ‹እዚህ አውርደኝ ልጄ፣ ቤቴ ቅርብ ነው፤ ስንዱ እየጠበቀችኝ ነው› አሉኝ።»

ወይዘሮ ስንዱ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ።

«እኔ ግን አላወረድኳቸውም» አለ ደረጀ። «ሆስፒታል ይሻላል ብዬ አለፍኩት። እስር ቤት ሆኜ ሁልጊዜ የማስበው እሱን ነበር። ባወርዳቸው ኖሮ ቢያንስ እርስዎን ያዩ ነበር።»

«አይደለም» አሉት ፈጥነው። ጉልበቱን በእጃቸው ያዙት። «አይደለም ልጄ። ደግ አደረግህ። እኔም ብሆን አላወርደውም ነበር።»

ደረጀ ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ። ፍርድ ቤት ያላለቀሰ ልጅ እዚያ አለቀሰ። እሳቸው ጀርባውን አሻሹት።

ስንመለስ እኔ ፍኖተ ሰላም መውረድ ነበረብኝ፤ እስከ ቤታቸው ላድርስዎ ብዬ አብሬአቸው ቀጠልኩ። ፀሐይ ልታዘቀዝቅ ነበር። መንገዱን ሙሉ በመስኮት ወደ ውጭ ሲያዩ ቆዩ። መታጠፊያው ጋ ስንደርስ ረዳቱን በጣታቸው ነካ አደረጉት።

«ወራጅ አለ» አሉት። «እዚህ አውርደኝ፤ ቤቴ ቅርብ ነው።»